የላዳዋ ድንጋይ

መብራቱ አረንጓዴ ከሆነ ቆይቷል፤ ላዳዋ ግን ንቅንቅ አላለችም። ከኋላ የቆመው ሚኒባስ ጥሩምባውን ለቀቀው። ልዩ ዞር ስትል አባቷ ከተማ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ተኝቷል።

«አባዬ! አባዬ፣ ተነስ!»

ከተማ ብንን ብሎ ማርሽ አስገባ። «አልተኛሁም። ዓይኔን ነው ያሳረፍኩት።»

የሚኒባሱ ረዳት ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ፣ «ፋዘር፣ ትራስ እናቀብል እንዴ?» አለ። ተሳፋሪው ሳቀ።

ልዩ አልሳቀችም። ከኋላ ወንበር እናቷ ብርነሽ ተጋድማለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰኞና ሐሙስ፣ ኩላሊቷን ታጥባ ስትመለስ እንደተጨመቀ ጨርቅ ነው የምትሆነው። ከተማ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ያደርሳታል፤ ቢሮ ገብቶ ይውላል፤ ተመልሶ ያመጣታል። ሰው ነው እንጂ ብረት አይደለም። ብረቷ ላዳ እንኳን ደክሟታል። የእጅ ፍሬኗ ከሞተ ዓመት አልፎታል፤ ዳገት ላይ ስትቆም ከጎማዋ ኋላ ድንጋይ ካላደረጉላት ቁልቁል ነው። ለዚህ ሲባል ከሹፌሩ ወንበር ሥር አንድ ጥቁር ድንጋይ አይጠፋም።

መንጃ ፈቃድማ ልዩም አላት። አሥራ ስምንት ዓመት እንደሞላት ነው ያወጣችው። ከወጣ ሰባት ወሩ፤ ከአንድ ቀን በቀር ግን ከቦርሳዋ አልወጣም። ያን ቀን አሁን በሚወጡት በዚሁ በባምቢስ ዳገት ላዳዋ ከእጇ አምልጣ ወደ ኋላ ተንሸራተተችና የታክሲ መብራት ሰበረች። ሰው አልተነካም። ልዩ ግን በሩን እንደተከፈተ ትታ በእግሯ ካዛንቺስ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሰበብ አታጣም፤ ዛሬ ራሷን ያማታል፣ ነገ ፈተና አለባት፣ ከነገ ወዲያ ጾም ነው። የጾመ አይንዳ ያለ ቄስ ግን የለም።

ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ላዳዋ ወደ ቀኝ ማዘንበል ጀመረች። ጎመን የተሸከመች ሴት ዘላ አጥር ላይ ተለጠፈች። «ዓይን የለህም እንዴ፣ አንተ ሰውዬ!»

«ከተማ፣ ቁም» አለች ብርነሽ ከኋላ።

«አመመሽ?»

«ቁም አልኩህ።»

ቆመ። ብርነሽ በክንዷ ተደግፋ ቀና አለች። «ልዩ፣ ተነሽ። መሪውን ያዢ።»

«እማ፣ እዚህ? ማለቴ… ሜዳው ላይ ስንደርስ በቃ…»

«ሜዳውን ማን ያድርሰን?»

«ሰው ብገድልስ?»

«እሱ ተኝቶ ሊገድል ነበር፤ አላየሽም? አንቺ ፈሪ ነሽ። ፈሪ ዓይኑን አይጨፍንም።»

ከተማ ላዳዋ ማርሽ ውስጥ እንዳለች ሞተሩን አጠፋ። ድንጋዩን ይዞ ወረደና ከኋላ ጎማ ሥር አስገባው። ልዩ የሹፌሩ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ወንበሩ ገና በአባቷ ሙቀት ይሞቅ ነበር። ሞተሩን አስነሳች፤ ጠፋ። ደገመች፤ ጠፋ። ከኋላ ጥሩምባው ተንጫጫ።

«እህቴ፣ በእግርሽ አይሻልም?» አለ አንድ አላፊ።

ባለፈው በእግሯ ሄዳ ነበር። አሁን ግን እናቷን ማን ይሸከማል?

«ድንጋዩን እስክልህ አታንሳው!» ብላ በመስኮት ጮኸች። በግራ እግሯ የረገጠችውን ፍሪሲዮን በዝግታ ለቀቀች። ቀስ። ቀስ። የላዳዋ አፍንጫ ቀና አለ፤ ሞተሩ ያዘ።

«አንሳ!»

ላዳዋ ወጣች። ወደ ኋላ አልሄደችም። ልዩም አልቆመችም፤ ዳገት ላይ ብትቆም እንደገና ሊጀመር ነው። ከተማ ድንጋዩን ታቅፎ ከኋላ ይሮጣል፤ ክራባቱ ትከሻው ላይ ዞሯል። ብርነሽ በኋላ መስኮት አየችውና ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሜዳው ላይ ጠበቁት። እያለከለከ ገብቶ «ቀኝሽን…» ማለት ጀመረ። ሳይጨርሰው እንቅልፍ ወሰደው።

ቤታቸው በር ላይ ስትደርስ ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቋል። መንገዱ እዚህም ያዘነብላል። እግሯን ከፍሬኑ ሳታነሳ አባቷን በክርኗ ነካችው፤ አልሰማም። ማርሽ ውስጥ እንዳለች ሞተሩን አጠፋች፤ ላዳዋን በማርሹ አስያዘች። ድንጋዩን ከአባቷ ጭን ላይ ቀስ ብላ አንስታ ወረደችና ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጠችው። በእግሯም ገፋ አድርጋ ሞከረችው።

ቁልፉ ሁልጊዜ የሚገባው አባቷ ኮት ኪስ ነው። ልዩ ወደ ኮቱ እጇን ሰደደች፤ መለሰችውና ቁልፉን የራሷ ቦርሳ ውስጥ፣ ከመንጃ ፈቃዱ ጎን ከተተችው።

«እማ» አለች ዝቅ ብላ፤ «ሐሙስ ስንት ሰዓት እንነሳ?»