ሲኩ የሚታሰርበት ቀን

ሚኒክ አቪያያን መጀመሪያ ያወቃት የጃኬቷን ኮፍያ ይዞ ወደ ኋላ ሲጎትታት ነው።

«ምን ነካህ?» አለችው፣ በረዶው ላይ ዘፍ ብላ።

«አንቺን ምን ነካሽ? የታሰረ ውሻ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ ግዛቱ ነው። ዘው ተብሎ አይገባም።»

«እኛ ጋ፣ ደቡብ፣ ኑክ ውስጥ የበረዶ ጋሪ የሚጎትት ውሻ የለም። በምን ልወቅ?»

የደቡብ ሰው! ሚኒክ ሳቁ አመለጠው።

አቪያያ ነርስ ናት። ወደ ሰሜኑ ከተማ፣ ወደ ኢሉሊሳት የመጣችው የሁለት ሳምንት ዕረፍቷን ልታሳልፍ ነበር። ውሾቹን ለማየት አንድ ቀን መጣች፣ በማግስቱም መጣች። በሦስተኛው ቀን ግን ውሾቹን ዞር ብላም አላየች።

ዕረፍቷ ሲያልቅ «አብረን ኑክ እንሂድ» አለችው።

«ውሾቹስ?»

«ይዘናቸው እንሂዳ።»

«አንዴ ደቡብ የወረደ ውሻ ተመልሶ እዚህ አይገባም፤ ሕግ ነው። ጥያቸው ልሂድ ብል ደግሞ አልጨክንም።»

አንድ ነጭ ቡችላ እግሯ ሥር የጫማዋን ማሰሪያ ያኝካል። ቡችላ ስድስት ወር እስኪሞላው አይታሰርም። አንሥታ አቀፈችው።

«ይሄ እስኪታሰር ልቆይ» አለች። «ከዚያ እናያለን።»

እዚያው ሥራ አገኘች። ሚኒክ ቤት እየኖረች፣ ልብሷን ግን ከሻንጣዋ እያወጣች ትለብሳለች። ሲኩ ያሉት ቡችላ ስድስት ወር ሞላው፤ ሰባትም ሆነው። ሚኒክ ሰንሰለቱን ያነሣል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ካሰረው ልትሄድበት ነው። እሷን አጥቶ እንዴት እንደሚኖር አያውቅም።

አንድ ጠዋት ጎረቤቱ አሮጊቷ ናቫራና እየተቆጣች መጣች።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ጎረምሳህ ያደረቅሁትን ዓሣ ሙልጭ አድርጎ በላብኝ። ውሻ ማሰር ጠፋህ?»

«ነገ አስረዋለሁ፣ እማማ።»

«ነገህ ወር አለፈው!»

አቪያያ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። አሮጊቷ ስትሄድ «ለምን አታስረውም?» አለችው።

ሚኒክ አቀረቀረ። «ሻንጣሽ አሁንም በሩ ሥር ነው» አለ።

አቪያያ ሰንሰለቱን አወረደች፣ ሲኩን በአንገቱ ይዛ ወጣች፣ ከእናቱ ጎን አሰረችው። ሚኒክ በመስኮት ያያል። ሊለምናት አሰበና ቃሏን ጠብቃለች፣ ምን ብዬ እይዛታለሁ ብሎ ዋጠው።

ተመልሳ ገባች። ሻንጣዋን አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ከፈተችው።

«እሄዳለሁ መቼ አልኩህ? እናያለን ነው ያልኩት» አለች። «ይኸው አየሁ። ውሾቹን ጥሎ ለመሄድ የሚጨክን ሰው ብትሆን ኖሮ ያኔውኑ ሄጄ ነበር።»

ከሻንጣው አንድ ሹራብ አውጥታ አራገፈች።

«ልብሴ ተጨማዶ አለቀ እኮ። ምን ላይ ልስቀለው?»

በቤቱ ያለችው አንዲት ሚስማር ናት። ሚኒክ እንባውን በእጅጌው ጠረገና የራሱን ካፖርት አወረደላት።