አንድ ወይስ ሁለት

«ይቅርታ፣ መስመሩ ተቋረጠብን» አለ የሬዲዮ አቅራቢው ግራንት በማይክሮፎኑ፣ ድምፁን አለስልሶ። ከጎኑ የተቀመጠችው ተለማማጇ ኔሪዳ ግን ጣቱ ቁልፉን ሲጫን አይታዋለች። መስመሩን የዘጋው እሱ ራሱ ነው።

የደወሉት አሮጊት የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የመዋኛ ገንዳው ባለበት ይቆይ የሚል ሰው ስንት ቁጥር ይበል?»

ግራንት ዘፈን ለቀቀ።

ከአውስትራሊያዋ ብሪዝበን ርቃ ያለችው የትንሿ ከተማ የኩራዋራ ብቸኛ ሬዲዮ ሳምንቱን ሙሉ «ውሳኔው የእናንተ ነው» ሲል ከርሟል። በገንዳው ቦታ ላይ ምን ይሠራ? ደውላችሁ ቁጥሩን ንገሩን። አንድ፣ የመኪና ማቆሚያ። ሁለት፣ የገበያ አዳራሽ። ቅዳሜ ሰው ሁሉ እንደ አገሩ ልማድ በምርጫ ጣቢያው ደጅ የሚጠበሰውን ቋሊማ እየገመጠ ተሰልፎ የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል፤ ተወዳዳሪዎቹም ወይ የአንድ ወይ የሁለት ሆነዋል። ኔሪዳን ያበገናት ግን የቤታቸው ነገር ነው። ትናንት እራት ላይ፣ በዚያው ገንዳ ዋና ያስተማራት አባቷ ሹካውን እያወዛወዘ ስለ አንድ ሲሟገት፣ እናቷ ስለ ሁለት ስትመልስለት ነበር። የገንዳውን ነገር ያነሳ የለም። እሷም ብትሆን «እኔ ሁለት ይሻለኛል» ብላ አረፈችው። ትዝ ሲላት በራሷ ንድድ ትላለች።

«ለምን ዘጋህባቸው?» አለችው።

«አሮጊት ወሬ ከጀመረች ማን ያስቆማታል?»

«አንድ ጥያቄ ነው የጠየቁት።»

«እሱ ምርጫው ውስጥ የለማ።»

«ምርጫው ውስጥ የሚገባውን ማን መረጠው?»

ግራንት ሳቅ አለ። «የሬዲዮው ባለቤት፣ ማስታወቂያ የሚሰጡን ሰዎች፣ እኔ እንጃ። ስሚ ኔሪ፣ እዚህ የተገደደ ሰው የለም። ሁሉም ደስ ያለውን ይመርጣል።»

«አንተ ከሰጠኸው ውስጥ።»

«ነገረኛ ነሽ» አለና ወረቀቱን ገፋላት። «አሁን ወጣቶቹ ደውለው የሰጡትን ድምፅ ውጤት ታነቢያለሽ። አንድ ይህን ያህል፣ ሁለት ይህን ያህል፣ አለቀ። አሪፍ አድርገሽ ካነበብሽው የቅዳሜ ጠዋቱ ፕሮግራም ያንቺ ነው። ካበላሸሽው ግን በዚህ በር ድርሽ አትይም።»

ፕሮግራሙን በጣም ትፈልገዋለች። ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች።

አየር ላይ መሆናቸውን የምትነግረው ቀይ መብራት በራች። ኔሪዳ ወረቀቱን ገለበጠችው።

«ኔሪዳ እባላለሁ። አሥራ አምስት ዓመቴ ስለሆነ ቅዳሜ አልመርጥም» አለች። ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። «ቅድም የደወሉት እናት መስመራቸው አልተቋረጠም። እኛ ነን የዘጋንባቸው። ገንዳው ይቆይ የሚል ሰው ስንት ቁጥር ይበል ብለው ነው የጠየቁት። ቁጥር አልሰጠነውም።»

የግራንት እጅ ወደ ቁልፉ ተወረወረ። ኔሪዳ ቀድማ ቁልፉን በመዳፏ ጋረደችው።

«እማማ፣ እየሰሙኝ ከሆነ መልሰው ይደውሉ» አለች። «የማነሳው እኔ ነኝ።»