«ደህና ነው» ያለው ሳጅን

ከሰዓት በኋላ ነው። ሳጅን ዘገየ እንደ ልማዱ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በጣቢያው አዳራሽ ተቀምጧል። አውቶቡሱ ዓባይ በረሃ ገደል ከገባ ወዲህ አስከሬን ያወጡት ፖሊሶች በየሳምንቱ እዚህ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አማካሪዋ ወይዘሮ ፋንታነሽም የሆዳቸውን እንዲያወጡ ታባብላቸዋለች። ወንድ ልጅ፣ ያውም ፖሊስ፣ ሆዱን እንዲህ በቀላሉ አይከፍትም። ዘገየ ግን እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷልና ዛሬ ቆርጦ መጥቷል።

«ካወጣሁት የአንድ ወጣት አስከሬን ኪስ ስልክ ጮኸ» አለ። «አነሳሁት። እናቱ ናቸው። ‹ልጄ ልየው ደህና ነው?› አሉኝ። ‹ደህና ነው እማማ፣ ትንሽ አሞት ነው፤ እኔው ይዤልዎት እመጣለሁ› አልኳቸው።»

ማንም አልፈረደበትም። መርዶ በስልክ አይነገርም። በማግስቱ ጎረቤት አርድቷቸው ልጃቸውን ቀበሩ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዘገየ ግን እያደር ከበደው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ ናፍጣና እርጥብ አፈር፣ ታጥቦ ከተተኮሰው ዩኒፎርሙ ላይ ሳይቀር። ቀጥሎ አንድ እግሩን እየጎተተ ከኋላው የሚራመድ፣ ሲቆም የሚቆም ኮቴ ተከተለው። ሚኒባስ ውስጥ ሲቀመጥ አጠገቡ ያለውን ባዶ ወንበር ተሳፋሪው ሁሉ ሰው እንዳለበት እያየ ያልፈው ጀመር። ዘገየ ፈራ።

«ሂድና ልቅሶ ድረሳቸው» አለችው ፋንታነሽ ሰምታው ስታበቃ። «እውነቱን ነግረህ ይቅርታ ጠይቃቸው፤ ይቀልሃል።» ከዚያ ወደ በሩ ቀና አለች። «ጓደኛህ ግን ምነው ውጭ ቆመ? ይግባ እንጂ።»

ዘገየ ብቻውን ነበር የመጣው። ዞሮ አላየም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሟቹን እናት ቤት አገኘ። ኮቴው መንገዱን ሁሉ ተከትሎት አጥሩ ጋ ሲደርስ ግን ቀደመው። እናትየው ጠጉራቸውን ተላጭተው፣ ጥቁር ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከዘገየ ጎን የሆነ ነገር እየተከተለ እስከ ጓዳው ጨለማ ድረስ ሄደ። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ተንበርክኮ ጉልበታቸውን ሳመ። «ደህና ነው ያልኩዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ምን አጠፋህ ልጄ? መርዶ በስልክ ማን ይናገራል? እግዜር ይቅር ይበልህ።»

ዘገየ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር እስከ ሆዱ ወረደለት።

ከጓዳ አፈር ያነቀው ሰው ሳል ተሰማ፤ የወጣት ድምፅ ተከተለ።

«እማዬ፣ ማን ሞቶብሽ ነው ጥቁር የለበስሽው?»

የአሮጊቷ ጣቶች የዘገየን ትከሻ አጥብቀው ያዙ። ጆሮው ድረስ ጎንበስ ብለው በሹክሹክታ፣ «እኔስ በምን አንጀቴ እችላለሁ ልጄ» አሉት፤ «ያመጣኸው አንተ ነህና፣ መርዶውን አንተው ግባና ንገረው።»