የተወለወለው መስታወት

ኮኮቤ ሲን ኤል ፊል በሚባል የዐረብ አገር ሰፈር ውስጥ፣ ከአሠሪዋ ከማዳሟ ኩሽና ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ሞታ ተገኘች። ጥርሷን ሲያማት ፓናዶሉን እንደ ቆሎ ስትቅም ሰንብታ ነበር። ሆስፒታሉ ደሟን ለሰፈሩ ላቦራቶሪ ልኮ «ደሟ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጥቂት ነው» የሚል መልስ ስላገኘ ሳያክም መልሷት ነበር። አስከሬኗን ያየው ሐኪም ጉበቷ መቃጠሉን ሲናገር፣ ፓናዶል ካልሆነ መርዝ ነው ተባለ። ሾርባ ያመጣችላት ጓደኛዋ ረሂማ ታሰረች።

የረሂማ ጠበቃ መርማሪ ቀጠረ፤ አሥራት ይባላል። አዲስ አበባ በፖሊስ ፎረንሲክ ያረጀ ሰው ነው፤ ዐረብኛ ግን ሰላምታ እንኳ አያውቅም። ስለዚህ የላቦራቶሪው ጽዳት ሠራተኛ ቤተል አስተርጓሚ ሆነች። ቤተል ከኮኮቤ ጋር ዶራ ሰፈር ባለው የጸሎት አዳራሽ አብራ የምትዘምር ልጅ ናት።

አሥራት ሁሉንም ላቦራቶሪው ውስጥ ሰበሰበ፤ ማዳሟን፣ ኬሚስቱን አባስን፣ በፖሊስ ታጅባ የመጣችውን ረሂማን። ቤተል ረሂማን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

«ማዳም፣ ልጅቷን ጥርስ ሐኪም ለምን አልወሰዷትም?»

«ያኒ... ማለቴ፣ እንግዶች ነበሩብኝ» አለች ማዳሟ። ቤተል ተረጎመች።

«ከሆስፒታሉ የተረፈውን ደም ሌላ ቦታ አስመረመርኩት» አለ አሥራት። «በፓናዶል የተሞላ ነው። የገደላት መድኃኒቱ ነው፤ ሾርባው አይደለም። ያኔ ቢታወቅ ማርከሻ ነበረው። ታዲያ ደሟን የለካው ይህ ማሽን ለምን ጥቂት አለ?»

አባስ ተቆጣ። «ማሽኑ የሚለካው ደሙ የሚያስቀረውን ብርሃን ነው፤ እሱንም በዚህ ጥቁር መስታወት እንፈትነዋለን። መስታወቱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስቀር በፋብሪካው የታወቀ ነው፤ ማሽኑ ያንኑ ካነበበ ጤነኛ ነው። እይ!» ሲለካ ልክ መጣ።

አሥራት ሳቅ አለ። «ሁለተኛ መስታወት አላችሁ፣ ማሸጊያው እንኳ አልተነሣም። እስቲ በእሱ።»

አባስ እሽጉን ቀዶ ለካ። ማሽኑ ከልኩ በታች አነበበ። የኬሚስቱ ፊት ዐመድ መሰለ።

«ሁለት ምስክሮች ተጣሉ» አለ አሥራት። «ማንም ያልነካውን አምናለሁ። የመጀመሪያው ላይ ስስ ቅባት አለ፤ አሽትቱት፣ ሎሚ ሎሚ ይላል። ቅባቱ ብርሃን ጨምሮ አስቀረ፣ ማሽኑም ከልኩ በላይ አነበበ። አባስ መስታወቱን ትቶ ማሽኑን ጥፋተኛ አደረገና ዝቅ አድርጎ አስተካከለው። ከዚያ ወዲህ የገባው ደም ሁሉ በጎደለ ሚዛን ተለካ። አባስን ጠይቂልኝ፤ መስታወቱን ሳይጠራጠር ለምን አመነው?»

ቤተል ጠየቀችው። አባስ በዐረብኛ መለሰ፣ ረጅም አልነበረም።

ዐረብኛ የማያውቀው አሥራት ብቻ ነበር። ረሂማ ሰምታለች፤ ዐይኗን ከቤተል ላይ አላነሣችም። ቤተል ሌላ ነገር ብላ ልትተረጉም አፏ ድረስ መጥቶላት ነበር፤ ግን አፈረች።

«ምን አለ?» አለ አሥራት በለሆሳስ።

«ቤተልን ጠይቄያታለሁ... አልነካሁም አለችኝ፣ ይላል።» እንባዋ ወረደ። «ያኔ ውሸቴን ነበር። አቧራ ይዞ መሰለኝና በዕቃ መወልወያው ቅባት አሸሁት። የቀድሞዋ ማዳሜ ያላብረቀረቀ ዕቃ ካየች ትመታኝ ነበር፣ እጄ ለምዶበታል። ሲጠይቀኝ ያባርረኛል ብዬ ካድኩ። ኮኮቤ ስትሞት ጠረጠርኩ። ረሂማ ስትታሰርም ዝም አልኩ።»

አባስ አንገቱን ደፋ፤ ሁለተኛውን እሽግ ለመክፈት የሰነፈው እሱ ነው። ማዳሟ ቦርሳዋን ታገላብጣለች። ፖሊሱ የረሂማን እጅ ፈታ።

ረሂማ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እሑድ ዶራ ቆመሽ ስለ እኔ ጸለይሽ አሉኝ። ምን ብለሽ ነው?»

«እውነቱን አውጣልን ብዬ» አለች ቤተል፣ መሬት መሬቱን እያየች።