ማክሰኞ ያልወጣችው ጀልባ

ነገሩ የጀመረው በባርኔጣ ነው። ባርኔጣ ስል የበዓል ቀን የሚደፋው እንዳይመስላችሁ፤ የግንባታ ሠራተኛ የሚያደርገው፣ ጠርዙ የተፋቀ ቢጫ ሄልሜት ነው።

ያን ጊዜ ፖርት አዴሌድ ያረጀች፣ የተረሳች ሰፈር ነበረች። የድንጋይ መጋዘኖቿ መስኮት ቆርቆሮ ተመትቶበት፣ ጣሪያቸውን ርግብ ወርሶት፣ ከመሐል ከተማ የመጣ ሁሉ «እዚህ ሰው ይኖራል እንዴ?» ይል ነበር። ሰውማ ይኖር ነበር። በውስጠኛው ወደብ ዳር፣ ዝገት በበላው ሼድ ውስጥ፣ ማስትሮ ፓኖርሚቲስ የእንጨት ጀልባ ይሠሩ ነበር። ማስትሮ የሙያ ማዕረጋቸው ነው፤ ግሪክ የሆነውም ያልሆነውም ሰፈርተኛ በዚሁ ነበር የሚጠራቸው። ሚስታቸው ፎቲኒ ከሞቱ ወዲህ ከጎናቸው የቀረችው አንዲት ልጃቸው ዛፊሪያ ብቻ ናት። የእሷ ሥራ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ያለውን ስንጥቅ በጥጥ ጠቅጥቃ በስቱኮ መድፈን ነው። ጀልባውን አባቷ ይሠሩታል፣ እንዳይሰምጥ የምታደርገው ግን እሷ ነች። ይህን ራሷም ታውቀዋለች፤ ደጋግማም ትናገረዋለች።

በኋላ ኩባንያ መጣ፣ ሥዕል ይዞ። ሥዕሉ ላይ አፓርታማ አለ፣ ዛፍ አለ፣ ውሻዋን የምታንሸራሽር ቀጭን ሴት አለች። ሼድ ግን የለም።

ዛፊሪያ ሥዕሉን ስታይ ቆይታ «አባዬ፣ እኛ የት ነን?» አለች።

«ከውሻው ኋላ እንሆናለን» አሉ ማስትሮ።

ቀልዱ አልቆየም። ሼዱን እስከ ፋሲካ እንዲያስረክቡ ተነገራቸው። በወደቡ አፍ ላይ ደግሞ ዝቅ ያለ የመኪና ድልድይ መሠራት ተጀመረ፤ እሱ ካለቀ በኋላ ከታንኳ በቀር ከሥሩ የሚያልፍ ነገር አይኖርም። ማስትሮ በእጃቸው ያለችው ጀልባ የመጨረሻቸው መሆኗን ያወቁት ያኔ ነው። በዚያው ቀን የሚስታቸውን ስም ሰጧት፤ ፎቲኒ አሏት። ዛፊሪያ በበኩሏ «ያንን ድልድይ እግሬ አይረግጠውም» ብላ ማለች።

ያን ሰሞን ዝናብ ባባራበት አንድ ቀትር ላይ፣ ዛፊሪያ ተንበርክካ ስቱኮ ስታቦካ ቁመተ ረጅም ወጣት በሼዱ በር ብቅ አለ። ፀጉሩ በነፋስ ተንጨባሯል።

«ይቅርታ፣ ሄልሜቴን ውኃ ወስዶብኝ ነው። በዚህ በኩል አላያችሁም?»

«ምን ዓይነት ነው?» አለች ቀና ሳትል።

«ቢጫ።»

«ይኸኛው ቀይ ነው» ብላ የምታቦካበትን ነገር አነሳችለት። ሄልሜቱ ነበር፤ ተገልብጦ፣ ቀይ ስቱኮ እስከ አፉ ሞልቶት።

«እንዴ! የኔ እኮ ነው!»

«የአንተ ነበር። ውኃው ያመጣልን የኛ ነው። ድልድዩ ደግሞ የእናንተ ይሁን፤ ምን ትፈልጋለህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይቆጣል። ሮሃን የተባለው ይህ ወጣት ግን ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ። ዛፊሪያ ያን ጊዜ ነው ቀና ያለችው። ቀና ስትል ዓይኑ ላይ አረፈች፤ ምነው ቀና ባላልኩ ብላ ወዲያው መልሳ አቀረቀረች። ስቱኮው ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ውኃ ጠጥቶ ተበላሸ።

ሮሃን ለክሬኑ በእጅ ምልክት የሚሰጥ ሠራተኛ ነው። እሱ «ውረድ» ካላለ ብረቱ አይወርድም። አያቱ እዚሁ ወደብ ላይ ስንዴ ያራገፉ፣ እናቱም እዚሁ የተወለደች ነች።

«የወደብ ልጅ ሆነህ ወደቡን ትዘጋለህ?» አሉት ማስትሮ፣ በሦስተኛው ቀን የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት ጠቅልሎ ሲመጣ።

«ማስትሮ፣ ሌላ ሰው ቢቀጥሩ ቶሎ ያልቅባችሁ ነበር። እኔ ሰነፍ ነኝ።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ዋጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ድልድይ» ሆነ። «ድልድይ መጥቷል፣ ወንበር ስጪው።» «ድልድይ ዛሬ ዘገየ፣ ታሟል እንዴ?» ዘገየ የሚሉት እሳቸው፣ በሩን የምታየው ዛፊሪያ።

በምሳ ሰዓት ጥጥ መጠቅጠቅ አስተማረችው።

«አትደብድበው። ቀስ ብለህ አባብለው።»

«እንዲህ?»

«እሱ ማባበል ነው? ሌባ የያዝክ ነው የሚመስለው» ብላ እጁን በእጇ ያዘች። መዶሻው በሁለቱ እጆች መካከል ቆመ። ከጀልባዋ ወዲያ ማዶ ማስትሮ መጋዛቸውን አቁመው ነበር፤ ቢያዩም አላሳሉም፣ ቀስ ብለው መጋዛቸውን ቀጠሉ እንጂ።

ለገና፣ በዚያ አገር ሙቀቱ አስፋልቱን በሚያቀልጥበት ሰሞን፣ ሮሃን ሸሚዙን ተኩሶ መጣና ዛፊሪያን እንዲሰጡት ማስትሮን ጠየቃቸው። ማስትሮ አልተቆጡም፣ አልሳቁም። ፎቲኒን በእጃቸው መታ መታ አደረጓት።

«ግሪክ አገር፣ በኛ ደሴት፣ ባሕር ያልወረደ ጀልባ በደጅ ቆሞ ሠርግ አይደገስም። ሁለት ሙሽራ ባንድ ደጅ አይቆምም። መጀመሪያ ይቺ ትውጣ። በወጣችበት ቀን መጥተህ እጄን ትስማለህ፤ ልጄ የአንተ ናት።»

«እምቢ ማለትዎ ነው?»

«እሺ ማለቴ ነው፣ አንተ ደደብ። ሥራ እንጂ!»

ሠሩ። በጋው እንዲያ አለፈ። ዛፊሪያ ኋላ ላይ ስታስበው፣ በሕይወቷ ከዚያ የበለጠ ደስ ያላት ጊዜ አልነበረም። በአንድ በኩል ሰፈሩ እየፈረሰ፣ አቧራው በላያቸው ላይ እየቦነነ፣ እነሱ ግን ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብለው በካርቶን የታሸገ ቀዝቃዛ ቡና በወተት እየተቀባበሉ ይጠጡ ነበር።

የወደቡን ወለል ለዓመታት የጠረገው ስላልነበረ ደለል ሞልቶታል። ፎቲኒን የምታህል ጀልባ ልትንሳፈፍ የምትችለው የባሕሩ ሙላት ከሁሉ ከፍ በሚልባቸው ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የድልድዩ የመጨረሻ ብረት ሐሙስ ይገጠማል ተባለ። ቀለሟ ያለቀው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ቀትር ላይ ደግሞ ሙላቱ ጫፍ ይደርሳል።

«በቃ፣ ነገ ቀትር ላይ» አለ ሮሃን። «ፈቃድ ወስጃለሁ።»

«ነገ ማክሰኞ ነው» አሉ ማስትሮ።

«እና?»

«የግሪኮች ታላቋ ከተማችን በጠላት እጅ የወደቀችው በማክሰኞ ቀን ነው።»

«መቼ?»

«አምስት መቶ ምናምን ዓመት ሆኖታል።»

«ማስትሮ፣ እስካሁን ይቅር አልተባለም እንዴ?»

«በማክሰኞ ጀልባ አይወርድም፣ መንገድ አይጀመርም። ረቡዕም ሙላት አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው ነገሩ።»

«የሰሜን ነፋስ ቢነሳስ? ውኃውን ጠራርጎ ነው የሚወስደው።»

ሁለቱም ወደ ዛፊሪያ ዞሩ። እሷ የአባቷን ማክሰኞ ስታሾፍበት ነው የኖረችው፤ ሆን ብላ ማክሰኞ ማክሰኞ ፀጉሯን ትቆረጥ ነበር። ሽማግሌው ይህን ስለሚያውቁ ብዙ አልተከራከሩም።

«የምታገቢው አንቺ ነሽ» አሏት። «ጀልባዋን የያዘውን ሽብልቅ መትተሽ የምትለቂያት አንቺ ነሽ። እመታለሁ ካልሽ አልከለክልሽም።»

«እመታለሁ» አለች።

በማግስቱ ቀትር ላይ ውኃው የጀልባዋን መንደርደሪያ ሞልቶ ጸጥ አለ። ሮሃን ገመዱን ይዞ እስከ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመ። ማስትሮ ጀርባቸውን ሰጥተው ሼዱ ጥግ ተቀመጡ። ዛፊሪያ መዶሻውን አነሳች። ፎቲኒን ደግፎ ከያዛት ሽብልቅ በላይ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈው ስም ፊት ለፊቷ ነበር።

እናቷ ለቀላል ሕክምና ተብሎ ከቤት የወጡት በማክሰኞ ቀን ነው። ትንሿን ቦርሳ እስከ በር ድረስ የተሸከመችላቸው ዛፊሪያ ነበረች። እናቷ እየሳቁ «አባትሽ ዛሬ ማክሰኞ ነው ይለኛል፤ ዶክተሩ ግሪክ አይደለም አልኩት» ብለዋት ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ዛፊሪያ ማክሰኞን አልፈራም ስትል የኖረችው ስለምትፈራው ነው።

«ዛፊ! ውኃው መመለስ ጀምሯል!»

መዶሻው ወረደ፤ ሽብልቁ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ።

«ነገ» አለች።

ሮሃን ከውኃው ወጣ። ገመዱን አስተካክሎ ጠቀለለ፣ በቦታው አስቀመጠ። ልብሱ እየተንጠባጠበ ፊቷ ቆመ።

«የምትፈሪው ለጀልባዋ ነው ወይስ ሠርጉን?»

ልትነግረው ፈለገች። ስለ ቦርሳዋ ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ግን እንባ ቀደማትና ፊቷን አዞረች። እሱ ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰደው።

ረቡዕ ንጋት ላይ ከበረሃው የሚነሳው የሰሜን ነፋስ ቤቱን ያንኳኳ ጀመር። ቀትር ላይ ሽብልቁን መታች፤ ፎቲኒ አምራ፣ ደምቃ ተንሸራተተች፤ ግማሽ አካሏ ውኃ እንደነካ ደለሉ ያዛት። ቢገፉ፣ ቢጎትቱ አልሆነም። ነፋሱ ባሕሩን ወስዶታል።

ሐሙስ ጠዋት ዛፊሪያ ከሼዱ በር ላይ ሆና አየች። ብረቱ በክሬኑ ተንጠልጥሎ ቆየ። ሮሃን እጁን አንስቶ፣ ወደ እሷ አቅጣጫ እያየ ለረጅም ጊዜ አቆመው። ከዚያ እጁ ወደ ታች አመለከተ።

ምሳ ይዞ የሚመጣ ሰው ቀረ። ፎቲኒን በጋሪና በወፍራም ገመድ ጎትተው ወደ ሼዱ መለሷት። በየብስ እንዳያወጧት፣ በሁለቱም ወገን የተነሳው አዲስ ግንብ መንገዱን አጥብቦታል። ፋሲካ ተቃረበ። ማስትሮ «ድልድይ ታሟል እንዴ?» ማለቱንም ተዉት። ዛፊሪያ ሳቋ ጠፋ፤ ይህን ሰፈሩ ሁሉ አየ።

አንድ ጠዋት የመዶሻ ድምፅ ሰምታ ከአልጋዋ ተነሳች። የሚሠራ ነገር እንደሌለ ታውቃለች። ሮጣ ሼዱ ስትደርስ አባቷ ጀልባዋ ላይ ወጥተው ሚስማር ይነቅላሉ። አንድ ሳንቃ ወርዶ ግድግዳው ላይ ተደግፏል።

«አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?»

«ሁለት ሙሽራ ባንድ ደጅ አይቆምም አላልኩም? አንዷ መውጣት ካልቻለች...» ሚስማሩ ወጣ። «እኔ እናትሽን በደንብ አውቃታለሁ። እሷ ብትሆንም ይህንኑ ነበር የምታደርገው።»

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ ማክሰኞ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በማክሰኞ አይጀመርም ነው የተባለው። እኔ የምጀምረው ነገር የለኝም፤ የምጨርሰው ነው።» ድምፃቸው ተሰበረና ዞር አሉ። «ይልቅ መኪና ያለው ሰው ፈልጊ።»

ዛፊሪያ በሌሊት ልብሷ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣች። ድልድዩ ጫፍ ላይ ስትደርስ አፍታ ቆመች፤ እግሬ አይረግጠውም ያለችው ትዝ አላት። ረገጠችው። ሮሃን መሐሉ ላይ የድልድዩን አጥር ቀለም ይቀባ ነበር። ሲያያት ብሩሹ በእጁ ደረቀ።

«መኪናህ አለች?» አለችው።

«አለች።»

«ሳንቃ የሚያጓጉዝልን ሰው አጥተን ነው።»

«ስንት ሳንቃ?»

«ጀልባ ሙሉ» አለችና እዚያው አለቀሰች። እያለቀሰች ስለ ቦርሳዋ ነገረችው፤ ስለ በሩ፣ ስለ እናቷ ሳቅ፣ ስለ ማክሰኞ። እሱ በቀለም በተበከለ እጁ እንዳይነካት ተጠንቅቆ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ረሳው፤ ያ ካፖርት ዛሬም ትከሻው ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለበት።

ማፍረሱ ሳምንት ወሰደ። የመጨረሻው ጭነት የወጣው እንደገና ማክሰኞ ቀን ነው። ሦስቱ ጋቢና ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ፤ ማስትሮ ስሟ የተጻፈባትን ሳንቃ ጭናቸው ላይ አጋድመዋል። ድልድዩ መሐል ላይ «አቁም» አሉ። ወርደው ወደ ውኃው ተመለከቱ፣ ጀልባቸው ልታልፍበት ወደነበረው። ከሥሩ ማለፍ ያቃታት ፎቲኒ በላዩ ተሻገረች።

«ጠንካራ ነው» አሉ አጥሩን ነቅነቅ አድርገው። «እንግዲህ ወጥታለች። ነገ መጥተህ እጄን ትስማለህ።»

«ዛሬ ይሁን» አለች ዛፊሪያ።

«ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ማስትሮ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሮሃንም ጎንበስ ብሎ ሳመው። ከኋላቸው አንድ መኪና ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋባቸው።

ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት በነበረው እሑድ፣ ባዶው ሼድ ውስጥ ተጋቡ። የድግሱ ጠረጴዛ የፎቲኒ ሳንቃ ነበር። ዛሬ ሼዱ የለም፤ ሥዕሉ ላይ የነበረው ሁሉ ተሠርቶ ቆሟል፣ ውሻዋን የምታንሸራሽረው ሴት ሳትቀር። ማስትሮም በሰላም አርፈዋል። ሳንቃዎቹ ከወደቡ ወዲያ ማዶ የዛፊሪያና የሮሃን ቤት ወለል ሆነዋል። የሰሜን ነፋስ ሲነሳ ወለሉ ይንቋቋል፤ ያን ጊዜ ዛፊሪያ ባዶ እግሯን ትነሳና፣ በሳንቃና በሳንቃ መካከል የላላውን ቦታ ፈልጋ፣ ጥጥ ትጠቀጥቅበታለች።