ስሙ የተፋቀው ፔዳል

እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ልኩራራ ብዬ ሳይሆን ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው፤ ስለ ጋኔንና ስለ ዛር ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ፣ ተማሪዎቼ "ቲቸር፣ እነ እገሌ ቤት ማታ ማታ ድንጋይ ይወረወራል" ሲሉኝ "ከየት አቅጣጫ? በምን ፍጥነት?" ብዬ የምጠይቅ ሰው ነበርኩ። ደግሞም የምነግራችሁ ነገር በጨለማ የሆነ አይደለም፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳስ ሙሉ ሰው እያየ ነው የሆነው፣ እመኑኝ፣ በጨለማ ቢሆን ኖሮ ለራሴ አንድ ምክንያት ሰጥቼው እተኛ ነበር።

ነቀምቴ ከተመደብኩ ጀምሮ የቅርብ ወዳጄ ጉተማ ነው። በአዘቦት ቀን ሞባይል ይጠግናል፣ ሰርግ ሲኖር ደግሞ ከባንዱ ጋር ጊታር ይጫወታል፣ እኔን "ባርሲሳ" ይለኛል፣ መምህር ማለት ነው፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ ስለሆንኩ ኦሮምኛዬ ገና እየተንገዳገደ ነው፣ እሱ ግን አማርኛውንና ኦሮምኛውን አንድ ላይ አፍስሶ እስኪገባኝ ድረስ ያወራኛል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሱቁ ደጃፍ ጠራኝ።

"አካም ባርሲሳ! ና፣ ጉድ ላሳይህ። ከቆራሊዮ ነው የገዛሁት፣ ከአሮጌ ድስት ጋር ተቀላቅሎ።"

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ዲስቶርሽን ፔዳል ጊታሪስቱ በእግሩ የሚረግጠው ትንሽ ሣጥን ነው፣ ከጊታሩ የመጣውን ንጹሕ ድምፅ ተቀብሎ ከሚችለው በላይ ያጎላዋል፣ ድምፁ ማለፍ ሲያቅተው ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፣ ያ ቁራጭ ነው ጆሮአችን ላይ የሚያጉረመርመው፤ በአጭሩ ሆን ተብሎ የቆሰለ ድምፅ ነው። የጉተማ ሣጥን እንደ ጡብ የከበደ ብረት ነበር፣ ሁለት የሚዞሩ ቁልፎች አሉት፣ ስሙ የነበረበት ቦታ ግን በሞረድ ተፍቆ አልቋል።

"ሌባ ነው የፋቀው" አለ ጉተማ።

"ሌባማ ስሙን ለምን ይፍቃል? ዋጋ የሚያወጣለት እኮ ስሙ ነው።"

ከፈትነው። ውስጡ ባለ ብረት ቆብ ሁለት ትራንዚስተሮች አሉ፣ ለክቼ የድሮዎቹ የጀርማኒየም ዓይነት መሆናቸውን አረጋገጥኩ፣ የባትሪው ፖዘቲቭ ደግሞ ከሣጥኑ ብረት ጋር ነው የተያያዘው፣ የዛሬዎቹ ኔጌቲቩን ነው የሚያያይዙት፤ ስለዚህ ዕቃው ከሁለታችንም ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። የሽቦዎቹን መንገድ ወረቀት ላይ ሣልኩና ኢንተርኔት ላይ ካሉት የድሮ ፔዳሎች ጋር ማነጻጸር ጀመርኩ፣ የሚቀራረብ አላጣሁም፣ የሚገጥም ግን አልነበረም፣ ምክንያቱም በአንዳቸውም ላይ የሌለ አንድ ነገር እዚህኛው ውስጥ ነበር፤ ጣት የምታህል፣ በሬንጅ የተለበጠች ነገር፣ ከድምፁ መውጫ ወደ ሣጥኑ ብረት የተበየደች። ብየዳዋ ከሌላው ይልቅ አዲስ ነው፣ በኋላ የመጣ ሰው የጨመራት ናት፣ ሥራዋም ድምፁን ወደ ብረቱ እያፈሰሰች ማዳከም ብቻ ነው።

"አፉን አፍነውታል በለኛ" አለ ጉተማ። "ፍታዋ፣ ባርሲሳ፣ ለጫልቱ ሰርግ ይድረስልኝ።"

ጫልቱ እህቱ ናት። የሰርጉን ነገር ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም፤ የጉተማ ቤተሰብና የሙሽራው የቶለራ ቤተሰብ ከነቀምቴ ወጣ ብላ ካለችው ጉቴ አጠገብ ጎን ለጎን ያርሳሉ፣ በድንበር የተነሳ ለዓመታት ተኳርፈው፣ ከብት ተነዳድተው፣ አንዴም ሰው ተፈንክቶ ነበር፣ ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ ሽማግሌ ስንት ለፍተው ነው ያስታረቋቸው፣ ዕርቁንም የሚያጸናው ይህ ጋብቻ ነው። ጉተማ ራሱ "በዚህ ሰርግ ላይ አንድ ጥፊ ከተሰማ ወደ ድሮው ተመለስን ማለት ነው" ይለኝ ነበር።

ሬንጅ የለበሰችውን ነገር ቆርጬ አወጣኋት። ገጠሩ ላይ መብራት ስለማያስተማምን ባንዱ ዕቃውን የሚያስነሳው በመኪና ባትሪ ነው፣ ይህን ፔዳል ከዚያው ላይ ብንሰካው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገናኝቶ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ለብቻው ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ሠራሁለትና ጉተማ በተከራየበት ግቢ ልንሞክረው ገባን።

ረገጠው። ድምፁን እንዴት ልንገራችሁ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ በቁመቱ ሲቀደድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጉተማ በደስታ ጮኸ። እኔ ግን በመስኮት ሳይ ግቢው ውስጥ የታሰሩት ሁለት በጎች መዋጋት ጀምረዋል፣ በጎች ቢዋጉ ምን ይገርማል ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብያለሁ፣ ግን ግንባር ለግንባር የሚጋጩት ከምቱ ጋር ነበር፣ ጉተማ ሲያፈጥን ያፈጥናሉ፣ ሲያዘገይ ያዘገያሉ፣ የአንደኛው ቀንድ ተሰብሮ ደም እየወረደው እንኳ አላቆመም። ይህን ልነግረው ስዞር በሩ ተከፈተና አከራይዋ አዴ ቦንቱ ገቡ፣ ዝንብ የማይጎዱት አዴ ቦንቱ፣ ዘነዘና በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው፣ በቀጥታ ወደ ጉተማ ራስ።

ጉተማ ደንግጦ ሲያፈገፍግ እግሩ ከፔዳሉ ላይ ተነሳ። ድምፁ ቆመ። ዘነዘናውም አየር ላይ ቆመ።

"አዴ፣ ማል ታቴ? ምን ሆኑ?" አላቸው።

አዴ ቦንቱ ዘነዘናውን አዩት፣ እኛን አዩን። "ጨው... ጨው ልለምናችሁ ነው መሰለኝ የመጣሁት" አሉ።

ከወጡ በኋላ ጉተማ አልጋው ላይ በሳቅ ተንከባለለ። "ዘነዘና ይዞ ጨው ልመና! ባይሰጧቸው ምን ሊያደርጉ ነበር?" እኔም ሳቅሁ፣ ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ እንስሳትንም ሰውንም እንደሚረብሽ አስረዳሁት፣ የሰርጉ ቀን ግን ባይረግጠው ይሻላል አልኩት።

"የቶለራ ወገን ከጊምቢ ኪቦርድ አስመጥቷል። የሙሽራዋ ወንድም በባዶ ጊታር ይንጫጫ?"

ጉቴ የደረስነው ረፋድ ላይ ነው። ዳሱ ሰፊ ነው፣ መሐሉን አንድ ወፍራም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይዞታል፣ የሁለቱ ወገን አባቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ለሌላው ጠላ ይቀዳል፣ ኦቦ ዲንሳ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የሚያዩትን አይተው የሚጠግቡ አይመስሉም። በዚህ አገር ሰርግ የሙሽራዋ ጓደኞች የሙሽራውን ሚዜዎች በዘፈን ይሰድባሉ፣ ሚዜዎቹም ይመልሳሉ፣ ስድቡ በከፋ ቁጥር ሳቁ ይበዛል፣ የሚያሳፍረው መቆጣት ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እየተረጎመልኝ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ሴቶቹ ዋናውን ሚዜ ቁምሳን "አፍንጫህ ትናንት ነው የደረሰው፣ አንተ ዛሬ መጣህ" ሲሉት፣ እሱ ደግሞ "እናንተ ስትዘፍኑ ላሟ ወተቷን ይዛ ጫካ ገባች" ይላቸዋል፣ ቶለራና ጫልቱም ከሁሉ በላይ ይስቃሉ።

ይኼኔ ጉተማ ጊታሩን ብድግ አደረገ። በዓይኔ አይሆንም አልኩት። ጠቀሰኝና ረገጠው።

ዘፈኑ አልቆመም። ይህን በደንብ እንድትሰሙልኝ እፈልጋለሁ፣ ማንም አልጮኸም፣ ማንም አልተቆጣም፣ እየዘፈኑ ነው የተጀመረው። ከበሮ የምትመታዋ ልጅ ከበሮዋን አንስታ የቁምሳን ፊት መታችው፣ ያ የተሰደበው አፍንጫው ጠፍጣፋ ሆነ፣ ቁምሳም ስንኙን እየመለሰ ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው፣ በምቱ፣ ልክ በምቱ። ጠላ ይቀዳ የነበረው አባት በማንቆርቆሪያው የአማቹን ጥርስ አወረደ፣ ያኛውም ደሙን እየተፋ እያጨበጨበ ተቀበለው። ኦቦ ዲንሳ በምርኩዛቸው የማንን እንደሆነ ያላየሁትን ጀርባ ይወቅጣሉ፣ ነጭ ነጠላ ሁሉ ቀልቷል፣ አጥንት ሲሰበር ይሰማል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ያ ዘፈን፣ ሳይሳሳት፣ ተራውን ጠብቆ።

ወደ ጉተማ ሮጥኩ። ጣቶቹ ይጫወታሉ፣ ዓይኖቹ ያለቅሳሉ።

"እግሬን አንሳልኝ! እምቢ አለኝ፣ ባርሲሳ፣ አንሳልኝ!"

ሁለት እጄን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አድርጌ ጎተትኩ፣ ከመሬት የበቀለ ይመስል ነበር። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ድምፁ ቀጠለ፣ ካፓሲተር ለአፍታ ኃይል ሊይዝ ይችላል ብዬ ጠበቅሁ፣ አዎ፣ በዚያ መሐል ቆሜ ጠበቅሁ፣ ቀጠለ። የጊታሩን ገመድ ነቀልኩ፣ የመኪናውን ባትሪ አላቀቅሁ፣ ስፒከሩን ገለበጥኩ፣ ቀጠለ።

"እህቴን እይልኝ!" አለ ጉተማ። ዞር ስል ቶለራ ጫልቱን ከምሰሶው ጋር አጣብቆ ጉሮሮዋን በሁለት እጁ ይዟል፣ ፊቷ ጠቁሯል፣ ከንፈሯ ግን ዘፈኑን ይከተላል።

"እጄን! እጄን ምታው!" ብሎ ጮኸ ጉተማ።

ዳሱን ለመወጠር የተቀመጠ ድንጋይ ነበር። አነሳሁና የጊታሩን አንገት የያዘውን እጁን መታሁት፣ አንዴ አልበቃም፣ ደገምኩት፣ ጣቶቹ እስኪላሉ ድረስ መታሁት።

ጸጥ አለ።

ሰው ሁሉ የያዘውን ለቀቀ። ጫልቱ ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ትተነፍሳለች። የሚያለቅስ እንኳ ሳይሰማ ኦቦ ዲንሳ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙና በተረጋጋ ድምፅ "ምሰሶው ወደቀ፣ ሰው ተጎዳ፣ ውሃ አምጡ" አሉ። አንዲት ሴት "ምሰሶው ወደቀ" አለች። ከወዲያኛው ወገን ሌላው "ምሰሶው ወደቀ" አለ። እኔ ቀና ብዬ አየሁ፣ ምሰሶው እንደቆመ ነው፣ ጫልቱ ተደግፋዋለች። ፔዳሉን ፈለግሁት፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ሣጥኑ የለም።

ጤና ጣቢያ እያንዳንዱ ሰው ሲጠየቅ ምሰሶ ነው ያለው። ከዚያ በኋላም የሁለቱ ወገን ሰዎች እየተጠያየቁ፣ ማርና ቅቤ እየተላላኩ ሰነበቱ፣ ከበፊቱ ይልቅ ተዋደዱ። ሽማግሌው ዕርቁን ለማዳን ሁሉንም አስምለውት ይሆን ብዬ አሰብኩ፣ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጉተማን ለብቻው አግኝቼ "እውነቱን ንገረኝ፣ እጅህን ማን ሰበረው?" አልኩት። በፋሻ የተጠቀለለውን እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ "አንተ ባታነሳልኝ ኖሮ፣ ባርሲሳ፣ ያ ምሰሶ ክንዴንም ይወስደው ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን አየሁት፣ የሚዋሽ ሰው ዓይን አልነበረም።

እነቶለራ ቤት ምሳ የተጠራሁት ቁስሉ ሁሉ ከደረቀ በኋላ ነው። በዚያ ቀን ያየሁትን ለጫልቱ ልነግራት፣ ከዚያ ሰው ጋር የምትኖረው እሷ ስለሆነች ልትሰማው ይገባል ብዬ ወስኜ ነበር። ልታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ መጣች፣ ሳህኑን እግሬ ሥር አስቀምጣ ማፍሰስ ስትጀምር ውሃው እንዳይነካው የሸሚዜን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰብኩ። ክንዴ ላይ የጥርስ ጠባሳ አለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ፣ ክብ፣ ከፊት አንድ ጥርስ ቦታ የጎደለው፣ ማን እንደነከሰኝ፣ እኔም ያን ጊዜ ምን እያደረግሁት እንደነበር አላውቅም፣ ጫልቱ አጠገብ የደረስኩ አይመስለኝም ነበር።

ጫልቱ ጠባሳውን አየችው። ባዶ እጇ ቀስ ብሎ ወደ አፏ ሄደ፣ ውሃው ሳህኑን ሞልቶ ጫማዬ ላይ መፍሰስ ጀመረ፣ ማንቆርቆሪያውን ግን አላቀናችውም።

"የምሰሶው ነው አይደል፣ ባርሲሳ?" አለችኝ። ስትናገር ከፊት የጎደለው የጥርሷ ቦታ ታየኝ።

"አዎ" አልኳት። "የምሰሶው ነው።"