የካፒቴን ብላፍ ነጭ ፈረስ

ካፒቴን ብላፍ የሚባል ሰው አልነበረም።

ስርጉት ዓርብ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ላይ የቃሉን ፍቺ ሦስት ጊዜ ደጋግማ አነበበችው። «ብላፍ» በወንዝ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመ ሰፊ ገደል ነው። ቃሉ የመጣው ከደች መርከበኞች ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱ ሰፊና ቀጥ ያለ መርከብን እንዲያ ይሉት ነበር። ከመርከብ ወደ ገደል! ስርጉት በደስታ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ክው አለች።

ለምን ቢሉ፣ የክፍል ሥራዋን አስቀድማ አስረክባለች። የጎረቤት ከተማው የፎርት ዎርዝ ገደል ለምን «ብላፍ» ተባለ የሚለውን የጠየቀችው እናቷን እማዋይሽን ነበር። እማዋይሽ ደግሞ መዝገበ ቃላት ምን ያደርግላታል! ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር፣ አባ ኮራን ሰፈር ብላ ቆጠረችላትና፣ ቦታ ስሙን የሚያገኘው መጀመሪያ ከሰፈረበት ሹም ነው አለቻት። ስለዚህ ስርጉት ገደሉ ላይ መጀመሪያ የሰፈረ ብላ ካፒቴን ብላፍን ፈጠረች። ነጭ ፈረስም ሰጠችው። መምህርቷ ጽሑፉን በጣም ስለወደደችው፣ ቅዳሜ ገደሉ አናት ላይ ወላጆች ፊት እንድታነብ ከሰባተኛ ክፍል ሁሉ እሷን መረጠቻት። እውነቱን ከተናገረች ዕድሉ ለሌላ ልጅ ሊሰጥባት ነው። ምን ይዋጣት!

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ አቶ ክፍሉ ከሚኖሩበት ከአርሊንግተን በታክሲው ይዟት ሄደ። ወንዙ ዳር ፓርክ አደረገና ቀና ብሎ ገደሉን አየ። ክፍሉ ድሮ ምጽዋ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። እዚህ አገር ግን ስለዚያ አያወራም፤ በእንግሊዝኛው ስለሚያፍር፣ ሰው ፊት አፉን አይከፍትም።

«ይሄ እኮ የመርከብ ፊት ነው» አላት።

ስርጉት ዘላ ክንዱን ያዘችው። መዝገበ ቃላቱ ያለውን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ የካፒቴኑንም ውሸት አልደበቀችውም። ክፍሉ በነጩ ፈረስ ሳቀ። ከዚያ መዳፎቹን እንደ ቢላ አሹሎ ማዕበል የሚሰነጥቅ መርከብ ሠራ፤ ቀጥሎ ጎን ለጎን ገጥሞ አቆማቸውና ፊተ ሰፊውን መርከብ አሳያት። አባቷን እንዲህ ሲፍለቀለቅ አይታው አታውቅም።

ገደሉ አናት ላይ መምህርቷ ስሟን ጠራች። ስርጉት ወደ ፊት ወጣች፤ ወረቀቷን አራት ቦታ አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«የጻፍኩት ትክክል አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወደ አባቷ ዞራ በአማርኛ ጠራችው።

«አባዬ፣ ና። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ መርከቡን በእጅህ አሳያቸው።»

ክፍሉ ኮፍያውን አስተካክሎ አጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ እጆቹንም አነሳ።